በሁለት መኪና መሀል የተጠጣ ጽዋ

አባቴ ጸሎት የሚያደርሰው ጮክ ብሎ ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ የባቡር ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ቤት ከቤት ተጣብቆ በተሠራበት ግቢ ውስጥ ጮክ ብሎ መጸለይ ማለት ሰፈሩን በሙሉ ማሰማት ማለት ነው። አባቴ የታመመውን፣ መንገድ የወጣውን፣ ፈተና ያለበትን በየስሙ እየጠራ ሲማልድ ይቆይና ከእሱ ጋር የተኳረፈ ሰው ላይ ሲደርስ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። በግድግዳ የምትዋሰነን ሴትዮ ግን እሱኑ አጥርታ ትሰማለች። ረፋድ ላይ ብቅ ብላ እናቴን «ደግሞ ከእነ እገሌ ጋር ምን ሆናችሁ?» ትላታለች። እኔና ወንድሞቼ ቁርሳችን ፊት ቆመን ዝርዝሩ እስኪያልቅ እንጠብቃለን። ሰፈራችን ደግሞ ሰው የበዛበት ነው።

እኔ እንደ አባቴ ጸሎተኛ አልሆንኩም። ለብዙ ጊዜ የነበረኝ ጸሎት አንድ ብቻ ነው፤ «ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ሙቀት አውጣኝ» የሚል። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ደጋ አገር እንዲደርሰኝ ለቅዱስ ሚካኤል ተሳልኩ። የደረሰኝ ሰመራ ነው። ሰመራን ላላየ ሰው እንዴት እንደምነግረው አላውቅም፤ ከሰመራ የመጣ ሰው አዋሽ ሲገባ ጋቢ ያምረዋል ብል ይበቃል። ለአባቴ ስነግረው ሳቁን ለማፈን ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ «ልጄ፣ ጠዋት ማታ ሙቀት ሙቀት ስትዪ ሰምቶሽ እኮ ነው። ሌላውን ቃል ነፋስ ወስዶት ይሆናል» አለኝ።

ሰመራ ያለነው ክርስቲያኖች አብዛኞቻችን በሥራ ምክንያት ከሌላ አገር የመጣን ነን፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ። ዘመድ የለንም። ስለዚህ ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየቤታችን እየዞርን የሚካኤልን ጽዋ የምንጠጣበት ማኅበር አለን። ማኅበሩ ዘመዳችን ነው፤ እንደ ዘመድም ያናድዳል። ከጎንደር የመጣችው ነርስ የሸዋ ሽሮ ውሃ ነው ትላለች። ሸዋዎቹ የእሷ ሽሮ በቢላ ይቆረጣል ይላሉ። ጠላው በሙቀቱ ቶሎ ስለሚኮመጥጥ የማን ጥፋት እንደሆነ ሳንስማማ ዓመት ይዞርብናል።

የማኅበሩን አለቃ ሙሴ ነው የምንለው። የእኛ ሙሴ የጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው ገላፊ ኬላ በፍተሻ ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየ፣ ጉምቱ፣ ሳቅ የማይወድ መስሎ ሳቅ የሚያመጣ ሰው ነው። ማኅበሩንም እንደ ኬላ ነው የሚመራው። ተረኛው ቤት ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት የድስቱን ክዳን ያነሳል። ዳቦውን በጣቱ ጫን ያደርጋል። ጠላውን ወደ መስኮት አንስቶ ያየዋል። ከዚያ «መልካም፤ ይለፍ» ይልና ጫማውን ያወልቃል። አንድ ጊዜ እኔ ቤት ምስር ወጡን ሳያሳልፈው ቀርቶ ጨው አስጨምሮኛል።

እንግዲህ የምነግራችሁ ሰው ወደዚህ ማኅበር የገባው በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል ነው። በሩ አጠገብ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ምጽዋት የሚቀበል ሰው ነበር። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሆኖ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ከሚሌ ወዲህ ባለው መንገድ ተሳቢው ተገልብጦበት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። ከሕክምና ሲወጣ አገሩ መግባት ይችል ነበር፤ ግን መኪና የማያልፍበት ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ ሰመራ አጠገብ ሎግያ ቀረ። እዚያ አንድ የወሎ ሰው፣ ጎሚስታ፣ ከጎማ ጥገና ቤቱ ጓሮ አንድ ክፍል ለቀቀለት። በሰንበትና በበዓል ቀን ክራንቹን ይዞ በባጃጅ ሰመራ ይመጣል።

ጋሽ ሾፌር ነበር የምንለው። እንደ ሌሎቹ «ስለ ማርያም» ብሎ አይለምንም። የሚገባውን ሁሉ እያየ ይመርቃል፤ ሲመርቅም ይተርባል። እኔን «ዛሬስ የቢሮሽ ማቀዝቀዣ ሠራ ወይስ እንደ እኔ አንድ እግሩን አጥቷል?» ይለኛል። ሙሴን ሲያይ ደግሞ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «አለቃ፣ ምንም አልያዝኩም፤ ፈትሸኝ!» ይላል። ሙሴ ጎርበጥ ብሎት ያልፋል። ሁልጊዜ ግን ይሰጠዋል።

አንድ የሚካኤል ቀን እኛ ተሰብስበን እያለ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ጋሽ ሾፌርን ከኋላቸው አስከትለው ገቡ። «ይህ ሰው ማኅበርተኛ መሆን ይፈልጋል» አሉን። ሁላችንም ተያየን። ክፉ አተያይ አልነበረም፤ ሰው ደግ ለመሆን ቃል ሲፈልግ የሚተያየው ዓይነት ነው። ነርሷ ቀደመችንና «በደስታ ነው እንጂ! ብቻ የድግሱ ነገር እንዳያስጨንቅህ። ተራህን እኛ እንሸፍንልሃለን» አለችው። ሁላችንም በእፎይታ ራሳችንን ነቀነቅን። ምን ያህል ደጎች ነን ብለን ሳናስብም አልቀረንም።

እሱ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ግን ተራ ካልደረሰኝ እንግዳ ነኝ እንጂ ማኅበርተኛ አይደለሁም። እንግዳነት ደግሞ በሩ ላይ ጠግቤዋለሁ።»

«ቤትህ ይበቃናል ወይ?» አለ ሙሴ፤ እሱ እንደ እኛ ቃል አይመርጥም።

«አይበቃችሁም» አለ ጋሽ ሾፌር። «እሱን ለኔ ተዉት።»

ቄሱ ሳቁ። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ተቀበልነው። በልባችን ግን ተራው ሲደርስ አንድ ዘዴ ይገኛል ብለን አስቀምጠነዋል።

ሐምሌ ላይ ያሰብነው ዘዴ ሁሉ ጠፋ። የሐምሌን ሚካኤል ጠጥተን ጽዋውን የሚረከብ ሲጠየቅ ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመረ። ነሐሴ ላይ ግማሹ ማኅበርተኛ ፈቃድ ወስዶ ደጋ ይወጣል። ለቀረው ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ በሰመራ ሙቀት ቅዳሴ እስኪያልቅ ጉሮሮ በውሃ ሳይርስ ውሎ ድግስ መደገስ ለማንም አያጓጓም። አስተማሪው ሚስቱ ልትወልድ እንደሆነ ተናገረ። የመዝገብ ቤት ጸሐፊዋ የተከራየችውን ቤት ልትለቅ ነው። እኔ ምን ልበል ብዬ ሳስብ ጋሽ ሾፌር በአንድ እግሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ለኔ ስጡኝ» አለ።

ጽዋ እጁን ለዘረጋ ሰው አይከለከልም። ቄሱ ባርከው ሰጡት። ክራንችና ጽዋ ባንድ ላይ መያዝ ስላልቻለ ጽዋውን በነጠላ አስሮ ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። እልል አልን። የእልልታችን መጨረሻ ግን ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

በነሐሴ ሚካኤል ዋዜማ ከሥራ ስወጣ ሽሮና ዘይት ገዝቼ በባጃጅ ወደ ሎግያ ሄድኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደግነቴ በምስጢር እንዲሆን ፈልጌ ነው። የጎሚስታው በር ላይ ጎማ በየመጠኑ ተከምሯል፤ የጎማ መንፊያ ሞተሩ ይጮሃል። ጋሽ ሾፌር ከጥላው ሥር ከጎሚስታው ሚስት ጋር ሽንኩርት ይልጣል። የያዝኩትን አየ።

«ይሄ ለኔ ነው ወይስ ለድግሱ?»

«ለድግሱ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው ይዘሽው ተመለሺ። አንቺ ተረኛ ስትሆኚ ሽሮ ይዤ መጥቼ አውቃለሁ?»

«መቼም መረዳዳት ነው ብዬ ነው እንጂ...»

«እህቴ፣ እርዳታ ስፈልግ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ታገኚኛለሽ። እዚህ ቤቴ ነው። ቤቴ የመጣ ሰው ሻይ ይጠጣል፤ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። የጎሚስታው ሚስት ሻይ እየቀዳችልኝ «አብሽሪ እህቴ፣ ወላሂ እኔንም ሽንኩርት መላጥ ብቻ ነው የፈቀደልኝ» አለችኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ነርሷ ከባጃጅ ወረደች፤ በእጇ ከረጢት አለ። እኔን ስታይ ከረጢቱን ከኋላዋ ደበቀችው። ብዙም ሳይቆይ ሙሴ የፕላስቲክ ወንበሮች በጋሪ አስጭኖ ደረሰ። ሦስታችን በምስጢር የመጣን ደጎች እዚያው ጥላ ሥር ተያየን። ጋሽ ሾፌር ወንበሮቹን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «አለቃ፣ ይሄ ጭነት ሰነድ አለው?» አለው። ሙሴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል የተፈተሸው። ሻይ ጠጥተን፣ ወንበሮቹን በጋሪው መልሰን፣ የቀረውን ይዘን በአንድ ባጃጅ ተጣብበን ተመለስን።

የነሐሴ ሚካኤል ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ ምላሳችን ከላንቃችን ተጣብቆ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ነፋስ አቧራ እያነሳ ነበርና የነጠላችን ቀለም ሁሉ አንድ ሆኗል። እንግዲህ የማይበቃ ክፍል ውስጥ ተራ በተራ ልንገባ ነው፣ ዳቦ ቆርሰን አመስግነን ቶሎ እንውጣ፣ አናስጨንቀው እየተባባልን ሎግያ ደረስን።

የጎሚስታው ግቢ ፊት ለፊት ሁለት ትልልቅ ተሳቢ መኪናዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። በመሀላቸው ባለው ክፍት ቦታ ላይ፣ ከአንዱ መኪና ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ፣ የጭነት ሸራ ተወጥሯል። ነፋሱንም ፀሐዩንም መኪናዎቹ መከቱት። መሬቱ ውሃ ተረጭቶ፣ ሰሌንና ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ከመኪናው ጎን ሾፌሮች በረሃ ላይ ውሃ የሚያቀዘቅዙበት እርጥብ ጆንያ የለበሰ ጀሪካን ተንጠልጥሏል። ያን የመሰለ ሰፊ ጥላ ሰመራ ውስጥ በማንም ቤት አላየሁም።

መኪናዎቹን ያቆሙት የጥንት ባልደረቦቹ ናቸው። አንደኛው በዕድሜ የገፋ የአዳማ ሰው፣ ሌላው ከባቲ የመጣ ጎልማሳ እስላም ነው። ከጅቡቲ ሲመለሱ በዚያ ቀን ሎግያ እንዲያድሩ ደውሎላቸው ኖሯል። ሙሴ ሁለቱን ሲያይ ቆም አለ፤ እነሱም ሲያዩት ቆሙ። ከዚያ የባቲው ሾፌር በሳቅ ፈነዳ። «አለቃ! ዛሬስ ሸራውን ፍቱ ትለን ይሆን?»

ሙሴ ሸራውን ቀና ብሎ አየው። «ዛሬ ይለፍ» አለ። ማሾፉን የዚያን ቀን የተማረ ይመስለኛል።

ቁጭ ካልን በኋላ ጋሽ ሾፌር ማስታጠቢያ ይዞ መጣ። በግራ ብብቱ ክራንች፣ በቀኝ እጁ ማንቆርቆሪያ፤ ሳህኑን የጎሚስታው ሚስት ትይዝለታለች። ነርሷ ዘላ ተነሣች። እኔም ተነሣሁ። አስተማሪው ማንቆርቆሪያውን ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ጋሽ ሾፌር አልሰጠውም፤ አልተቆጣምም፤ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ጠበቀ። ቄሱ ከቦታቸው ሳይነሱ እጃቸውን ወደ ሳህኑ ዘረጉና «ጌታችን የእነ ጴጥሮስን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስም እንደናንተ አስቸግሮት ነበር። ተቀመጡና እጃችሁን ስጡ» አሉን።

ተቀመጥን። ውሃው በእጄ ላይ ሲፈስ ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም። በሩ ላይ ስሰጠው ኖሬ አንድም ቀን እንዲህ ሆኖ አልተሰማኝም ነበር። መስጠት እጅን ቶሎ መልሶ መሄድ ነው። መቀበል ግን እጅን ዘርግቶ ውሃው እስኪያልቅ መቆየት ነው። የቱ እንደሚከብድ ያን ቀን ገባኝ። እሱ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው አይመስልም፤ «እጅሽ ላይ ቀለም አለ፤ ቢሮ ውለሻል ማለት ነው፣ በበዓል ቀን!» ብሎ ወደሚቀጥለው አለፈ።

ሁላችንም ከታጠብን በኋላ መሀል ላይ ቆሞ እንግዶቹን ተቀበለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ የኔ ቢጤዎች» አለ።

መጀመሪያ ሙሴ አጉረመረመ። ከዚያ ቄሱ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልን። ለማኝን የኔ ቢጤ እያልን ኖረናል። ቃሉ እንደኔ ያለ ሰው ማለት እንደሆነ ግን እኔ ልብ ብዬው አላውቅም፤ እንደ ሌላው የመንደር ስም ከአፌ ይወጣል እንጂ። አንድ እግር ያለው ሰው ደግሶ፣ አጥቦን፣ እኛን በዚያ ስም ሲጠራን ቃሉ ትርጉሙን ይዞ ተመለሰ። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በሁለት መኪና መሀል ስሰማው ግን ይበልጥ የከበደም ይበልጥ የቀለለም ሆነልኝ፤ አብሮ የሚሳቅበትም ነገር ነው።

ምግቡ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የጎሚስታው ሚስት እርዳታ የታየበት ጥሩ ድንች ወጥ ነበር። ጾም በመሆኑ ሥጋ የለም፤ ሥጋ ስለሌለ ደግሞ በማን ቢላ ታረደ የሚል ጥያቄ የለም። ጎሚስታውም፣ ሚስቱም፣ የባቲው ሾፌርም ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በሉ። የጎንደሯ ነርስ ሽሮውን ቀምሳ ዝም አለች። እኛ ይህን እንደ ምስጋና ቆጠርነው።

ችግር የመጣው ጽዋው ሲከፈት ነው። ሙሴ ወደ ውስጡ አየና ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ ጠላ አይደለም!»

«ተልባ ነው» አለ ጋሽ ሾፌር።

«ጽዋ በተልባ?»

«የግቢው ባለቤት እስላም ነው። በግቢው ጠላ ልጠምቅበት አይገባም ብዬ ነው። እሱ ምንም አላለኝም። ባይለኝም አውቃለሁ።»

ጎሚስታው ከወዲያ «ወላሂ እኔ ፈቅጄለት ነበር፣ እሱ ነው እንቢ ያለው!» አለ።

ሙሴ ወደ ቄሱ ዞረ፤ እዚህ ላይ ይለፍ ለማለት ሥልጣኑ አልበቃውም። ቄሱ ጽዋውን ተቀብለው፣ ጸሎቱን አድርሰው፣ አቡነ ዘበሰማያት ካልን በኋላ መጀመሪያ ራሳቸው ተጎነጩ። ጢማቸውን ጠርገው «ለጾመኛ ሆድ ከጠላ ይሻላል» አሉ። ተልባው በጆንያው ውሃ የቀዘቀዘ ነበር። ያን ሁሉ ቀን ሳንጠጣ ለዋልን ሰዎች ከዚያ በላይ የሚጣፍጥ ነገር አልነበረም። ሙሴ ሁለት ጊዜ ደገመ። ሲደግም ማንም እንዳላየው ሆነን ጠበቅነው።

የሚቀጥለውን ጽዋ የሚወስድ ሲጠየቅ ሐምሌ ላይ ወለል ያየው ሁሉ እጁን አነሣ። ለሙሴ ደረሰ። ስለ እሱ ድግስ ብዙ አልናገርም፤ ጋሽ ሾፌር ቤቱ ሲገባ የድስቱን ክዳን አንሥቶ ማየቱን ግን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ ብል ውሸት ይሆናል። እሁድ ስሄድ እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ግራ ገባኝ። አጥቦኝ የበላሁለትን ሰው እንዴት አድርጌ ሳንቲም እሰጠዋለሁ? ባልሰጠውስ ምን ይበላል? እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስቆም አየኝ።

«ምን ሆነሻል? እጅሽ ተያዘ?»

«ጋሼ... አሁን እኮ የማኅበር ወንድሜ ነህ።»

«አዎ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ወንድምሽ ነኝ። እዚህ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ። አታምታቺው፤ ከኋላሽ ሰልፍ ያዝሽብኝ።»

ሰጠሁት። መረቀኝ። ምርቃቱ ላይ የቢሮዬን ማቀዝቀዣ ጨመረበት። ከዚያ ወዲህ ግን ስሰጠው ቆም እላለሁ፤ እንዴት አደርክ እላለሁ፤ እሱም ይነግረኛል፤ አንዳንዴ ከምችለው በላይ ይነግረኛል። ቅዳሴ ያረፈድኩባቸው ቀናት ሁሉ በእሱ ምክንያት ናቸው ብዬ ለቄሱ ተናዝዣለሁ። ቄሱ «እሱስ ያው ቅዳሴ ነው» አሉኝ፤ ለማርፈዴ ግን ንስሐ ሰጡኝ።

አባቴ ያረፈው በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ነው። ወንድሜ ለእኔ አልደወለም። የደወለው ለሙሴ ነው፤ በስልክ መርዶ አይነገርም ብሎ። ገና ሳይነጋጋ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ማኅበርተኛው በሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ያን ያየ ሰው ቃል አያስፈልገውም። ጋሽ ሾፌር ከፊት ነበር። «እህቴ፣ አባትሽ አርፈዋል» አለኝ፤ ከዚያ ክራንቹን ጥሎ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ስጮህ ነርሷ ያዘችኝ። እሱ እጄን ያዘ እንጂ ተይ አላለኝም።

ሙሴ እንዴት እንደምሄድ ስብሰባ ለማድረግ እየሞከረ ነበር። አውቶቡስ ይሻላል፣ የቢሮ መኪና ይጠየቅ እያለ ሰዉን ይከፋፍላል። ጋሽ ሾፌር «መኪናው በር ላይ ነው» አለ። ከመምጣታቸው በፊት ደውሎ ኖሯል። የባቲው ሾፌር ከገላፊ ሲወርድ ሎግያ አድሮ ነበር፤ አስፋልቱ ዳር ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል።

ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቴፑን ዘግቶታል። ሚሌ ላይ ሻይ አምጥቶ በመስኮት ሰጠኝ፤ ጠጪ ብሎ አልለመነኝም፤ እስክጠጣ ግን አልተንቀሳቀሰም። ገዋኔ ስንደርስ መኪናውን ዳር አስያዘና «እህቴ፣ የዙህር ሶላት ደርሷል። ትንሽ ታገሺኝ፤ ለቀብሩ እንደርሳለን ኢንሻአላህ» አለኝ። በመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፉን ዘረጋ። እኔም ልጸልይ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አንድም ቃል አልመጣልኝም። ዓይኔን ከፍቼ በመስታወቱ የእሱን ጀርባ ሲጎነበስና ሲቀና አየሁ። አንድ ሰው እየጸለየ ነው፣ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፣ ለዛሬ ይበቃል አልኩ። ሲመለስ «ለአባትሽም ዱዓ አድርጌያለሁ» አለኝ።

«ስሙን ሳታውቅ?»

«አላህ ያውቃቸዋል» አለና ማርሹን አስገባ።

ለቀብሩ ደረስን። ያ ሰው ጭነቱን መንገድ ዳር አቁሞ እስከ መቃብሩ ሸኘን፤ ድንኳን ውስጥም ከወንድሞቼ ጋር ተቀምጦ ቆይቶ ነው የሄደው።

በሠልስቱ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ በአቧራ የተሸፈነ ሚኒባስ ድንኳናችን ፊት ቆመ። ከሰመራ ነው። ቄሱ፣ ሙሴ፣ ነርሷ፣ ልጁን የታቀፈው አስተማሪ፣ ሁሉም። ጋሽ ሾፌር ከፊት ወንበር ነው የወረደው። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ ለቅሶተኛው በሙሉ እያየው፣ ክራንቹን ተመርኩዞ ወደ እኔ መጣ። ሳመኝ። ከዚያ እግዚአብሔር ያጽናሽ ከማለቱ በፊት ወደ ሚኒባሱ ሾፌር ዞር ብሎ «ይሄ ልጅ ማርሽ አያውቅም! ከሚሌ እስከዚህ በሦስተኛ ነው የነዳን፤ ነፍስ ያላችሁ አስተምሩት!» አለ።

ሳቅ አመለጠኝ። በአባቴ ሠልስት፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ድንኳን መሀል ሳቅሁ። አክስቴ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝና «ማነው ደግሞ ይሄ?» አለችኝ።

«የማኅበሬ ሰው ነው» አልኳት።

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ተነሥታ ለእሱ ወንበር ስትፈልግ፣ ሙሴ ቀድሟት ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄዶ የንፍሮውን ድስት ክዳን አንሥቶ ሲያይ አገኘችው።